የአጥማቂው ካህን ስም

ሰማያዊው ማንቆርቆሪያ ዛሬም አለ። ባለፈው ጥቅምት ከወልዲያ ወርጄ መርሳ፣ ወደ እናቴ ቤት በሚያስገባው ኮረኮንች መንገድ ስታጠፍ፣ በጎረቤታችን በእትዬ ዘይነባ አጥር ላይ በሽቦ ታስሮ፣ አፈር ተሞልቶ፣ ጤና አዳም በቅሎበት አየሁት። ቀለሙ እዚህም እዚያም ተላልጧል፤ አፉ አጠገብ በቆርቆሮ የተጠገነበት ቦታ ግን እንዳለ ነው። እትዬ ዘይነባ በልጅነቴ ለሶላት የሚታጠቡበት፣ ውዱእ የሚያደርጉበት ዕቃ ነበር። በቀን አምስት ጊዜ ውኃው ከጓሯቸው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ሲንቆረቆር ስለሚሰማ፣ የግድግዳ ሰዓታችን በቆመ ቁጥር እናቴ ሰዓቱን የምታስተካክለው በእሱ ነበር። ጤና አዳሙን በጣቴ አሸት አድርጌ አሸተትኩትና እዚያው ቆምኩ። ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆዴ ውስጥ የያዝኩት ምስጢር የተጀመረው በዚያ ማንቆርቆሪያ ነው፤ የዚያን ዕለት የመጣሁትም ምስጢሩን ላወጣው ነበር።

ነገሩን ያመጣችው ታናሽ እህቴ ምሕረት ናት። ዘግይታም ቢሆን ልታገባ ነው፤ ሙሽራው የኮምቦልቻ ልጅ፣ የካቶሊክ ቤተሰብ ነው። ጋብቻውን የሚፈጽሙት ቄስ መጠመቋን የሚያረጋግጥ ወረቀት፣ ወረቀት ከሌለ ደግሞ ያየ አንድ ምስክር አምጪ አሏት። ደውላ «እኔ ተጠምቄያለሁ ወይስ አልተጠመቅኩም?» አለችኝ። «እማዬን ስጠይቃት ‘ኑና እንነጋገር’ ብላ ስልኩን ዘጋችብኝ።» ተጠምቃለች። ያጠመቃት አባታችን ነው፤ ያየሁትም እኔ ብቻ ነኝ። እናቴ ይህን ብትሰማ ምን እንደምትሆን ስፈራ ኖሬያለሁ፤ ፍርሃቴ ከንቱ እንዳልነበረ ለማስረዳት ደግሞ ከጋብቻቸው መጀመር ይኖርብኛል።

አባቴ ዮሴፍ ከምባታ ውስጥ በካቶሊክ ሚስዮን ሥር ያደገ ሰው ነው። እናቴ ታደለች ከዚያው አገር፣ ከአንድ ኮረብታ ማዶ፣ የፕሮቴስታንት ወንጌላዊ ልጅ ናት። ሲጋቡ በሁለቱም ኮረብታ ላይ ተለቅሷል። ልጆቻቸው አድገው ራሳቸው እስኪመርጡ ማንም ላይ ውኃ እንዳይፈስ ተስማምተው ነበር፤ እኔ ተወልጄ አርባ ቀን ሲሞላኝ ግን የአባቴ እናት «ፀሐይ ላሙቃት» ብላ ይዛኝ ወጣችና ቤተ ክርስቲያን ወስዳ አስጠመቀችኝ። እናቴ ያወቀችው አናቴን ስትስመኝ በሸተታት የቅባት ሽታ ነው። ያን ጊዜ ምንም አልጮኸችም አሉ። «ሁለተኛ ሳልፈቅድ በልጄ ራስ ላይ ውኃ ከፈሰሰ፣ ልጄን አዝዬ አባቴ ቤት እገባለሁ» ብቻ አለች። እናቴን የሚያውቅ ሰው አንድ ጊዜ ካለች እንዳለች መሆኑን ያውቃል። አባቴ ማለላት፤ ከሁለቱም ኮረብታ ራቅ ያለ የሥራ ቦታ ሲፈልግም ሲሪንቃ የማሽላ ሙከራ ማሳ ላይ ቴክኒሻንነት አገኘ። እሷ መርሳ አስተማሪ ሆነች፤ እኔም የወሎ ልጅ ሆንኩ።

መርሳ ላይ ማንም ሊለያቸው አልቻለም። እስላሙና ክርስቲያኑ በአንድ ዕድር ሲቀባበርና በሠርግ ድንኳን ለየብቻ እያረደ አብሮ ሲበላ የኖረ አገር ስለሆነ፣ የሰው ሃይማኖት መለየቱ አያስደንቀውም፤ ካቶሊክና ፕሮቴስታንት የሚባል ልዩነት ግን ለማንም አይገባም ነበር። ሁለቱም «ጴንጤዎቹ» ነበሩ። አባቴ ይህን ሲሰማ ያመዋል። መቁጠሪያውን ከኪሱ አውጥቶ፣ ስለ ጳጳሱ፣ ስለ ቅዳሴው፣ ስለ እመቤታችን ግማሽ ሰዓት ያስረዳል፤ አድማጩ አንገቱን ሲነቀንቅ ቆይቶ «ገባኝ፤ ጴንጤ ማለት ነው» ይለዋል። መቁጠሪያውን ያከበሩለት እትዬ ዘይነባ ብቻ ናቸው፤ «ይሄማ የኛው ሙስበሃ ነው፣ ዩሱፍ» አሉት። ዮሴፍ ብለውት አያውቁም።

ቤት ውስጥ ክርክሩ እንደ ምሳ ነበር፣ ሳይቀርብ የዋለበት ቀን የለም። አባቴ ኮሌታው ውስጥ የማሽላ ገለባ ይዞ፣ ሲቆጥረው የዋለው የማሽላ ራስ ገና ከዓይኑ ሳይጠፋ ይገባል፤ እናቴ የተማሪ ደብተር እያረመች ቀና ሳትል ትጀምረዋለች። እሷ ጌታ አንድ ካህን ሆኖ ገብቷል፣ መጋረጃው ተቀዷል፣ ከእንግዲህ አማኝ ሁሉ ካህን ነው፣ መጽሐፉም ይበቃል ትላለች። እሱ ደግሞ መጽሐፉን መጽሐፍ ነው ብሎ ሰብስቦ የሰጠሽ ማን ሆነና ነው... ብሎ ይጀምርና፣ ሐዋርያት እጃቸውን የጫኑት በሜዳ ላይ አይደለም፣ ኃጢአትን የማሰርና የመፍታት ሥልጣን ለሁሉ ሰው አልተበተነም ይላል። በመደርደሪያችን ላይ ሁለት መጽሐፍ ቅዱስ ጎን ለጎን ይቀመጥ ነበር፤ የእሱ ጦቢትና ሲራክ ስላሉበት ይወፍራል። እሷ «ጨመራችሁ» ትላለች፤ እሱ «ቀነሳችሁ» ይላል። እኔ በሰባት ዓመቴ ይህን ነገር አንዴ ልቁረጠው ብዬ ሁለቱንም አቅፌ፣ እትዬ ዘይነባ ማንጎና ብርቱካን ወደሚሸጡበት ደጅ ወሰድኳቸውና በሚዛናቸው ሁለት ሰሃን ላይ አስቀመጥኳቸው። እትዬ ዘይነባ አይተው ጮኹ። «ያ ረቢ! ኪታብ በሚዛን ይመዘናል፣ አንች?» ብለው ነጠቁኝና እጃቸውን ታጥበው፣ በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው፣ ራሳቸው ወደ ቤት መለሷቸው። የማን እንደከበደ እስከ ዛሬ አላውቅም።

በዓመት ሁለት ጊዜ ቄሱ ከኮምቦልቻ ይመጡና የእኛ ሳሎን ቤተ ክርስቲያን ይሆናል። ጣዖት አምላኪ ናችሁ ብላ ስትሟገት የሰነበተችው እናቴ ራሷ የጠረጴዛውን ልብስ አጥባ፣ ተኩሳ፣ እጥፋቱን አስተካክላ ትዘረጋለች። ቅዳሴው ሲጀመር ግን የራሷን መጽሐፍ ይዛ ጓሮ፣ ከማንጎው ሥር ትቀመጣለች፤ ሁሉ ነገር የሚሰማበት፣ ነገር ግን ገባች የማይባልበት ቦታ መርጣ ነው። በዋዜማው አባቴ ለኑዛዜ ሲዘጋጅ ዝም ስለሚል «ኃጢአትህን ከእኔ በላይ የሚያውቀው ማን አለ? ለእኔ ንገረኝና አባን ከመንገድ ድካም እናድናቸው» ትለዋለች። እሱም «አንቺ አትፈቺኝም፤ አንቺ ታስታውሺኛለሽ እንጂ» ይላታል። በዚህ ሁለቱም ይስቃሉ። በጥምቀት ነገር ግን አይሳቅም ነበር፤ እዚያ ላይ ሲደርሱ የእናቴ ድምፅ ይቀንሳል፣ አባቴም ገለባውን ከኮሌታው መልቀም ይጀምራል።

ምሕረት ስትወለድ እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። በሰባተኛ ወሯ፣ ክረምት ወጥቶ ወባው ሲነሣ ታመመች። በሁለተኛው ቀን ወባው ጭንቅላቷ ላይ ወጣና ዓይኗ እየተገለበጠ እንደ ቀርከሃ ትደርቅ ጀመር። የጤና ጣቢያው ሐኪም መርፌ ወጋትና «እስከ ማምሻ ካልበረደላት ወልዲያ ትወሰድ» ብሎ ሄደ፤ ወልዲያ መድረሷን እንደተጠራጠረ ግን ፊቱ ይናገር ነበር። እናቴ ወደ እኔ ዞራ «አስፋልቱ ላይ ቁሚና ወደ ሲሪንቃ በሚያልፍ መኪና ለአባትሽ ‘ቶሎ ና’ ብለሽ ላኪ» አለችኝ። ሮጬ ወጣሁ። መኪና እስኪመጣ ብዙ ቆየሁ፤ በመጨረሻ አባቴን የሚያውቅ የእህል ጭነት ሹፌር አገኘሁና ነገርኩት።

ስመለስ ቤቱ ጸጥ ብሏል። እናቴ አልጋው ጠርዝ ላይ ሕፃኗን ታቅፋ ተቀምጣለች፤ እትዬ ዘይነባ ከጎኗ ቆመዋል፤ ሰማያዊው ማንቆርቆሪያ መሬት ላይ ነው። የምሕረት ፀጉር ረጥቧል። ትኩሳቱን እያቀዘቀዙላት ነው ብዬ አሰብኩ። የአባቴ «ትምህርተ ክርስቶስ» የሚባለው፣ በጥያቄና በመልስ የተዘጋጀው የሃይማኖት መማሪያ መጽሐፍ፣ ከመደርደሪያው ወርዶ በርጩማው ላይ መቀመጡንም አይቻለሁ። በእንዲህ ያለ ቀን ስለ መጽሐፍ ማን ይጠይቃል? እትዬ ዘይነባ የከሰዓቱ የዐስር ሶላት ደርሶባቸው ቸኩለው ሲወጡ ማንቆርቆሪያውን ረስተውት ሄዱ።

አባቴ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሕፃኗን አንድ ጊዜ አይቶ ግድግዳውን ተደገፈ። እናቴ ሐኪሙን ደግማ ልትጠራ ስትወጣ ምሕረትን በእሱ ክንድ ላይ አኖረቻት። እናቴ ከአጥሩ እንዳለፈች አባቴ ወደ በሩ አየ፣ ወደ እኔ አየ፣ ከዚያ ማንቆርቆሪያውን አነሣ። በአብ፣ በወልድ፣ በመንፈስ ቅዱስ ስም እያለ ሦስት ጊዜ አፈሰሰባት፤ ከእጅጌው የወደቀ የማሽላ ገለባ ግንባሯ ላይ ተጣበቀ። ቄስ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ የቄስ ሥራ የቄስ ብቻ ነው እያለ ሲሟገት ነው ያደግኩት። ግራ መጋባቴን አይቶ «ካህን ሳይገኝ ሊሞት ላለ ሰው ማንም ሊያጠምቅ ተፈቅዷል፤ የእኛ መጽሐፍ ይላል» አለኝ። ራሷን በመሐረቡ እያደረቀ ቀጠለ፦ «ለእናትሽ አትንገሪ። ከነገርሻት ትሄዳለች።» አባቴ ሲያለቅስ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ምሕረት ግን አልሞተችም። ፀሐይ ሳትጠልቅ ላብ አጠመቃት፣ ከዚያም ጡት ፈለገች። ሐኪሙ መርፌው ነው አለ። እትዬ ዘይነባ ዱዓዬ ነው አሉ። እናቴና አባቴ በዚህ ጉዳይ የእኔ ጸሎት ነው፣ የለም የእኔ ነው ብለው እስከ ገና መከራከር ሲገባቸው ሁለቱም አንድ ቃል አልተናገሩም።

እኔ ግን ከዚያ በኋላ የልጅነት እንቅልፌ አልተመለሰም። እናቴ በየዓመቱ መስከረም ላይ ቀዩን የቆርቆሮ ሳጥኗን ግቢ አውጥታ ልብሷን ፀሐይ ታስመታ ነበር። ከዚያ ዓመት ወዲህ ሳጥኑ በወጣ ቁጥር ልትሄድ ነው ብዬ ክዳኑ ላይ ወጥቼ እቀመጣለሁ፤ «ምን ሆነሻል አንቺ ልጅ?» ስትለኝ አለቅሳለሁ፤ እሷም ኮሶ ታጠጣኛለች። ለዚያ ምስጢር ስል የጠጣሁት ኮሶ ለአንድ ቀበሌ ይበቃል። ክርክራቸውም ቀጠለ፤ ጳጳሱ፣ ኑዛዜው፣ ጦቢት፣ ሲራክ፣ ሁሉም በየተራው ይመጣል፤ ጥምቀት ብቻ ከቤታችን ጠፋ። አባቴ ለምን እንደተወው አውቃለሁ። እናቴ ለምን እንደተወችው ጠይቄ አላውቅም፤ ልጅ ነበርኩ፣ ካደግኩ በኋላም ያንን በር መነካካት አልወድም ነበር።

አባቴ ከሞተ ጥቂት ዓመታት ሆኖታል። ሊሞት ሲል ለኮምቦልቻው ቄስ የደወለችው እናቴ ናት። ቄሱ መጥተው ቅባት ሲቀቡት ጓሮ አልወጣችም፤ ጥጡን ይዛ ከራስጌው ቆመች። አባቴ ጉሮሮው እየተዘጋ እንኳ «ካህን አስፈለገ?» አላት። «ለአንተ እንጂ ለእኔ መሰለህ?» አለችው። በሦስተኛው ቀን ቀበርነው። ከዚያ ወዲህ ቤቱ ውስጥ የሚያሸንፋት የለም። አንዳንድ ጊዜ ስሄድ ብቻዋን ትከራከራለች፤ የራሷን ነገር ትልና መልሳ እሱ ይለው የነበረውን ራሷ ትላለች፤ ደግሞ አሳምራ ነው የምትለው።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ይዤ ነው ባለፈው ጥቅምት በዚያ አጥር ሥር የቆምኩት። ስገባ ምሕረት ቀድማኝ ደርሳለች፤ ቅጹ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። እትዬ ዘይነባም በምርኩዛቸው መጥተው የአባቴ ባዶ ወንበር አጠገብ ተቀምጠዋል። ለምን እንደተጠሩ አልገባኝም። አንድ ብርጭቆ ውኃ ጠጣሁና፣ ብቆይ ልቤ እንደሚከዳኝ ስላወቅሁ ሳልቀመጥ ተናገርኩ።

«እማዬ፣ ምሕረት ተጠምቃለች። አባባ ነው ያጠመቃት፤ አይቻለሁ። ያን በወባ የታመመች ቀን፣ አንቺ ሐኪሙን ልትጠሪ ስትወጪ። አትንገሪ ብሎኝ ነው።»

እናቴ መነጽሯን አወለቀች። የቀዩን ሳጥን ክዳን ከቂጤ ሥር የተሰማኝ እስኪመስለኝ ድረስ ፈራሁ። ከዚያ ዓይኗ ወደ እትዬ ዘይነባ ሄደ፤ እትዬ ዘይነባ አፋቸውን በሻሻቸው ሸፍነው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። እያለቀሱ መስሎኝ ነበር።

«ቀድሜዋለሁ» አለች እናቴ።

እኔን አስፋልት ልካ እንደነበር አስታወሰችን። ልጅቷ በእጇ ላይ የሞተች መስሏት ነበር። ጌታ ሕፃንን በውኃ መረጨት አይጠይቅም፣ ያለ ውኃም ይቀበላታል፣ ይህን ያን ጊዜም አልተጠራጠረችም፤ ዛሬም አትጠራጠርም። «ግን አባታችሁን አውቀዋለሁ» አለች። «ሳትጠመቅ ሞተች ብሎ ዕድሜውን ሙሉ ሲያዝንላት ይኖራል። መጽሐፉን አወረድኩና ፈለግኩ። ማንም ሰው ይላል፤ ሴትም ትሁን፣ የሌላ እምነት ሰውም ይሁን ይላል፤ ቤተ ክርስቲያኒቱ የምታስበውን አስቦ ካፈሰሰ ይበቃል ይላል። እኔም ዮሴፍ በሚያስበው ይሁንለት ብዬ በሥላሴ ስም አፈሰስኩ።»

«ወላሂ ዓይኔ እያየ» አሉ እትዬ ዘይነባ፣ አሁን ሳቁ ተለቋቸው። «በእኔ ማንቆርቆሪያ! ‘ምስክር ሁኚኝ፣ ከዳነች ግን ለማንም እንዳትነግሪ’ ብላ አስማለችኝ። እኔማ ምን በወጣኝ? አሏህ ይይላት ብየ ዝም አልኩ።»

«ለእሱ ለምን አልነገርሽውም?» አለች ምሕረት።

«ኩራት ነው» አለች እናቴ። «ይህን ያህል ዓመት ከንቱ ነው ያልኩትን ነገር በእጄ አደረግሁት ልበለው? ነገ ዛሬ እያልኩ ሞተ።»

ያን ጊዜ ነው ከሠላሳ ዓመት በላይ የተሸከምኩት ነገር ከትከሻዬ የወረደው። ተቀመጥኩ፤ ከዚያ ሳቅሁ፤ ስቄ ስጨርስ እያለቀስኩ ነበር። ለካ በአንድ አልጋ የሚያድሩት ባልና ሚስት ያን ዝምታ እያንዳንዳቸው የብቻዬ ነው ብለው ይዘውት ኖረዋል፤ ያ ሁሉ ኮሶም በከንቱ ነበር የተጠጣው።

ምሕረት ለቄሱ ደወለችና ነገሩን እንዳለ ነገረቻቸው። መጀመሪያ ሳቃቸው ከስልኩ ተሰማ። ከዚያ በቁም ነገር፣ ጥምቀት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ የሚጸናው የእናትየው ነው፣ አባትየው ያፈሰሱት ውኃ ብቻ ሆኖ ቀርቷል፣ ምስክርነቱንም ከእትዬ ዘይነባ እቀበላለሁ አሉ። ስለ ቤተ ክርስቲያኑ ሕግ ሲሟገት የኖረው አባቴ በዚሁ በራሱ ሕግ ተሸነፈ፤ ደግሞ በዚሁ በራሱ ሕግ እናቴን አሸነፋት። የትኛው እንደሚበልጥ ሊነግረኝ የሚችለው እሱ ብቻ ነበር።

ምሕረት ቅጹን ሞላች። እትዬ ዘይነባ በምስክሩ ቦታ ጣታቸውን ቀለም ነክረው አተሙ። አንድ መሥመር ቀረ፤ «የአጥማቂው ካህን ስም» ይላል። ምሕረት ትንሽ አመነታችና የእናቴን ስም ከነአባቷ ጻፈችበት። እናቴ ወረቀቱን ተቀብላ፣ መነጽሯን አድርጋ፣ የተማሪ ፈተና እንደምታርም ከላይ እስከ ታች አነበበችው። «ካህን የሚለውን ሰርዢው» አለች። «አይሰረዝም እማዬ፣ ማኅተም አለበት» አለች ምሕረት።

እናቴ ወረቀቱን እንደያዘች ወደ አባቴ ወንበር ዞረች።

«በል እንግዲህ ዮሴፍ፣ ተከራከረኝ» አለች፤ ሁላችንም፣ እትዬ ዘይነባም ጭምር፣ ትንሽ ጠበቅን።